ጥጃ የሚያህለው የገድሉ ሙክት

(ደጋ ላይ ያለ የበግ ምርምር ጣቢያ አዳራሽ፤ ዓለም ሁሉ የሚቋምጥለትን የሳይንስ ሽልማት ላሸነፈችው ለዶክተር ውዳላት ድግስ ተደግሷል፤ እሷና የድግሱ አስተባባሪ፣ የመኖ ተመራማሪው ጋሽ ገድሉ፣ መድረኩ ጥግ ላይ አንድ ማይክሮፎን ይጓተታሉ።)

ውዳላት፦ ልቀቅ ጋሽ ገድሉ! ስለ እኔ ንግግር አታደርግም አልኩ፣ አታደርግም!

ገድሉ፦ ምን አጠፋሁ?

ውዳላት፦ የዓለምን በግ ሁሉ ከሞት አዳነች ብለህ አገር ምድሩን አዳርሰሃል። እኔ ያገኘሁት ግራዝማች የሚባል አንድ በግ የሆድ ትል ለምን እንደማይዘው ነው።

ገድሉ፦ አንዱ ከዳነ ሌላው ምን ቀረው? ዝርዝር ነው።

ውዳላት፦ ንጉሥ ደወለላት ብለህም አውርተሃል።

ገድሉ፦ ድምፁ የንጉሥ ነበራ!

ውዳላት፦ የደወለችው የሸላሚዎቹ ጸሐፊ ናት። ሴት!

ገድሉ፦ እንግዲያው ንግሥት በያት። ስሚኝ፣ ይኼን ድምፅ ማጉያ ጣሪያ ላይ ያሰቀልኩት ለማን መሰለሽ? እንኳን አዳራሹ፣ ከጀርባ በረት ያሉት በጎች ሳይቀሩ ገድልሽን እንዲሰሙ ነው።

ውዳላት፦ በጎቹ ሥራዬን ያውቁታል። አምጣው ማይኩን።

ገድሉ፦ እሺ፣ ጭቅጭቁ ይቅርና መጀመሪያ ስጦታሽን እይ። ያውልሽ ግድግዳው ላይ። መስተዋት ውስጥ አስገብቼ፣ ዙሪያውን በወርቅ አስለብጬ...

ውዳላት፦ ወርቅ ያልከው የከረሜላ ወረቀት ነው። ቆይ... መሀሉ ላይ ያለው ቢጫ ነገር የግራዝማች የጆሮ ቁጥር አይደለም?

ገድሉ፦ ራሱ! ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ ከጆሮው አወለቅሁት። በግ አይደለም የታገልኩት፣ አንበሳ ነው!

ውዳላት፦ ነገ ሸላሚዎቹ በካሜራ ሊቀርፁት የሚመጡትን በግ ቁጥሩን አወለቅህበት?

ገድሉ፦ ነገ ሌላ እናደርግለታለን። ዛሬ የት ይሄዳል? ከእኔ ሙክት ጎን አስሬዋለሁ፤ ይጫወቱ።

ውዳላት፦ ከየትኛው ሙክት?

ገድሉ፦ የድግሱ ነዋ! ከኪሴ የገዛሁት! ሙክት ልበለው እንጂ ጥጃ ነው። የበረቱ በር አልበቃው ብሎ በጎኑ ነው ያስገባሁት።

ውዳላት፦ አራጁስ መጣ?

ገድሉ፦ ታምራቸው? ቢላውን ስሎ አሁን ወደ በረቱ ዞረ።

ውዳላት፦ የትኛውን እረድ አልከው?

ገድሉ፦ በግልጽ ነው የነገርኩት። ጆሮው ላይ ቁጥር ያለውን እንዳትነካ፣ የምርምር ነው። ቁጥር ከሌላቸው ትልቁን፣ የሚያስፈራውን እረድ አልኩት።

ውዳላት፦ ጋሽ ገድሉ፣ ግራዝማች አሁን ቁጥር አለው?

ገድሉ፦ ቁጥሩማ ግድግዳው ላይ... ውይ!

ውዳላት፦ ሙክትህ ከግራዝማች ይበልጣል?

ገድሉ፦ በየት በኩል ስናየው?

ውዳላት፦ በየትም በኩል!

ገድሉ፦ ቁጣው ትልቅ ነው።

ውዳላት፦ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?!

ገድሉ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ለሥራ አስኪያጁ ጥጃ ያህላል ብያለሁ።

ውዳላት፦ ለታምራቸው ደውልለት፤ አሁኑኑ!

ገድሉ፦ ስልኩ እዚህ ነው። አዳራሹን የሞላው ዘፈን ከማን ስልክ የሚወጣ መሰለሽ?

ውዳላት፦ ሩጥ እንግዲያው!

ገድሉ፦ በታችኛው በር ዞሬ እስክደርስ ግራዝማች ጥብስ ሆኖ ይጠብቀኛል። በጉብዝናዬ ጊዜ ቢሆን ፈረስ እየቀደምኩ...

ውዳላት፦ ማይኩ! እስከ በረቱ ይሰማል አላልክም? እንካ፣ ተናገር!

ገድሉ፦ (በማይክሮፎን) ታምራቸው፣ ወንድሜ! ትልቁን ተወውና... ሌላኛውን ትልቅ እረድ!

ውዳላት፦ ሌላኛውን ትልቅ? በምን ይለየው? ትንሹን በል!

ገድሉ፦ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ያቺ ፊት ወንበር ላይ ያለችው እኮ ሚስቴ ናት። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ የመጣችው ጥጃውን ልታሳይ ነው።

ውዳላት፦ ግራዝማችን በጡጦ ነው ያሳደግሁት! ነገ ለሸላሚዎቹ ምን ላሳያቸው? ቅልጥሙን?

ገድሉ፦ ከተናገርኩ ስሜ አበቃለት።

ውዳላት፦ ካልተናገርክ በዚህ ጣቢያ ታሪክ ውስጥ የምትኖረው ግራዝማችን ያሳረደው ሰውዬ ተብለህ ነው።

ገድሉ፦ (በማይክሮፎን) ታምራቸው! ቢላውን ጣል! የእኔ በግ ትንሹ ነው! ትንሽ ስልህ ደግሞ እንደማንም ትንሽ እንዳይመስልህ! በዚህ አገር እንዲህ ያለ ትንሽ በግ ታይቶም አይታወቅ! ገበያ ላይ ሻጩ ራሱ ጠፍቶበት በዳበሳ ነው ያገኘው! በበሩ በጎን አስገባሁት ያልኩት ውሸት ነው፤ በዘንቢል አንጠልጥዬው ነው የገባሁት! መንገድ ላይ ድመት አይታው አዘነችለት!

ውዳላት፦ በቃ፣ በቃ! ሰምቷል! ይኸው በሩ ላይ መጣ። ግራዝማችን በገመድ እየሳበ ነው። ተመስገን! የአንተን ደግሞ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦታል።

ገድሉ፦ አለቀልኝ። ይኼ ሁካታ ምንድን ነው? ሊደበድቡኝ ነው?

ውዳላት፦ እያጨበጨቡልህ ነው። ሚስትህ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነው። ለእኔ ሽልማት እንኳ እንዲህ አልተጨበጨበም።

ገድሉ፦ እውነትሽን ነው? ግን ያ በግ ለእንግዳው ይበቃል?

ውዳላት፦ ለመቅመሻም አይበቃም። ሽሮ ይሠራል።

ገድሉ፦ እንግዲህ እኔ ተዋርጃለሁ። ማይኩን ውሰጂ፤ ስለ ሥራሽ ራስሽ ተናገሪ።

ውዳላት፦ ከዚህ በኋላ ስለ ሆድ ትል ባወራ ማን ይሰማኛል? ያዝ፣ ንግግሩ የአንተ ነው። ስለ እኔ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ ስለዚያ በግ ቀጥል።