ያልወደቀችው አይጥ

ክብርት ሊቀ መንበር፣ የክበባችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ በፊት ስለ ስንብት ግብዣው አመሰግናለሁ። አዳራሹን ላሞቃችሁት፣ ወንበር ለደረደራችሁት፣ የሥጋ ፓዩን ለጋገራችሁት ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሊቀ መንበራችን ግሌኒስ ፑ የሠራችውን ኬክም አይቻለሁ። ያምራል። ብቻ በላዩ የተሳለው ጠመንጃ ምላጩ በላይ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በእኔ ጊዜ ውድድር አይገባም ነበር።

አትሳቁ፤ ገና ምንም አልተናገርኩም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ ክበብ ዋና ዳኛ ሆኜ አገልግያለሁ። ያን ያህል ጊዜም ራሴ በባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ተወዳድሬአለሁ። አብዛኞቻችሁ በታመቀ አየር ወደሚሠራው ተሻግራችኋል። እሱ ሲተኮስ ንቅንቅ አይልም። የእኛው ግን ሞላው ሲለቀቅ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘላል። ጨምድደው ከያዙት ይስታል። እንደ እንቁላል ለስለስ አድርጎ ይዞ፣ ዘሎ እስኪጨርስ መተው ነው። በዚያች ቅጽበት በመነጽሩ ውስጥ ዛፉም ዒላማውም ከዓይን ይጠፋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጥብቅ ነበርኩ? አዎ፣ ነበርኩ። ባለቤቴን አልዊንን የምታስታውሱት ታውቃላችሁ። አንድ እሑድ ጠመንጃው በኃይል መለኪያ ሲፈተሽ ሕግ ከሚፈቅደው በጣም በጥቂቱ አለፈ።

«ዊኒ፣ ሙቀቱ እኮ ነው። እስቲ እንደገና ለኪው» አለኝ።

«ወይዘሮ ጋርቤት በል፤ ሥራ ላይ ነኝ» አልኩትና ከውድድሩ አስወጣሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ እስከ ለድሎ ከተማ ድረስ አላናገረኝም። ለድሎ ስንገባ መኪናውን አቆመና «ለመሆኑ ስንት ነበር ያለፈው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እንግዲህ ልክ ነሽ» አለና ወርዶ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዛልኝ።

ይህን የማወራው ለምንድን ነው? እኔ ለገዛ ባሌ ያላደረግሁትን እናንተ ለእኔ ስላደረጋችሁ ነው።

አሁን ከቦርሳዬ አንድ ነገር ላውጣ። ግሌኒስ፣ ኬኩን ጠጋ አድርጊልኝ።

ይቺ የብረት አይጥ የመተኮሻ ቁጥር ሰባት ዒላማ ናት። ጫካ ገብታችሁ ለማታውቁ እንግዶች ባጭሩ ላስረዳ። ጥይቱ በደረቷ ቀዳዳ አልፎ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ሳህን ከመታ አይጧ ትወድቃለች። ቀዳዳውን ስቶ ገላዋን ከመታ ቆማ ትቀራለች፤ ነጥብ የለም። ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንዞረው። አንዱ ሲተኩስ ሌላው ያያል፣ ወደቀች ወይም ሳትክ ይላል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ የወደቀችውንም በሲባጎ ስቦ ያቆማል። የተኳሹ ቃል አይጠየቅም። የጓደኛው ቃል ብቻ ነው ሕጉ።

የእኔ ጓደኛ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኖሪስ ቤዶዝ ነው። ኖሪስ፣ አንገትህን ቀና አድርግ፤ አልበላህም።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ይቺን አይጥ እኔው በእጄ ቀባኋት። ገላዋን ቢጫ፣ የኋላ ሳህኗን ነጭ። ቁጥር ሰባት ላይ መጀመሪያ የደረስነው እኔና ኖሪስ ነበርን። ተኮስኩ። ጠመንጃው ዘለለ። «ወደቀች!» አለ ኖሪስ። ዓይኔ ሲመለስ ሲባጎው ተስቦ፣ አይጧ ቆማ ነበር። ካርዱ ላይ የመምታት ምልክት የሆነው መስቀል ተደረገልኝ።

ሌላ ጥንድ ሳይደርስባት ዝናቡ በረታና ተኩስ ይቁም ተባለ። ስተኩስ የምቀመጥበትን ትራሴን እዚያ ረስቼ ነበርና ተመለስኩ። ከደረስኩ አይቀር ብዬ እስከ ዒላማው ሄድኩ። እነሆ፣ እናንተም እዩ። ቢጫው ላይ፣ ከቀዳዳው አንድ ጣት ያህል ርቆ፣ የእርሳስ ጥይቱ ግራጫ ምልክት አለ። የኋላዋ ሳህን ግን እንደቀባኋት ነጭ ናት።

አይጧን ነቅዬ ቦርሳዬ ከተትኩና በትርፍ ዒላማ ተካኋት። ሲባራ ውድድሩን ጨረስኩ። ከአርባው ሠላሳ አገኘሽ ተባልኩ። አውቶቡስ ነጂው ዴዝመንድ ራውሊ ሃያ ዘጠኝ። ዋንጫውን ሰጣችሁኝ፣ አጨበጨባችሁ። መኪናው አጠገብ ስንደርስ ግን ጠየቅሁት።

«ኖሪስ፣ ቁጥር ሰባት ወድቃለች?»

«ወድቃለች፣ ወይዘሮ ጋርቤት።»

«በምን ተመትታ?»

የመኪናውን በር ሊከፍትልኝ እጁን ዘረጋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና ከፋሲካ ወዲህ። እጅዎ የደከመ መሰለኝ። እርስዎም አልዊን ከሞተ ጀምሮ ሌላ ደስታ አልነበረዎትም።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ከግሌኒስ ውሻ በቀር።»

ከዚያ ከደረት ኪሱ አንዲት ደብተር አወጣ። የሁለት ዓመት እውነተኛ ውጤቴ በሙሉ በቀን በቀኑ ተጽፏል። «ውሸቱን ብቻ ጽፌ እንቅልፍ እንቢ አለኝ» አለ። የእሑዱን አየሁት። ሃያ ሦስት።

ዴዝመንድ ዘንድ ደወልኩ። ሁለት ዓመት በእኔ ምክንያት ሁለተኛ የሆነው ሰው ነው።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«ወዳጄ፣ ዋንጫ ምን ሊያደርግልኝ? አውቶቡሴ ላይ ልስቀለው? እርስዎ ሲደሰቱ ማየቱ ይሻለኛል።»

ደግነት ነው ትላላችሁ። እኔም ለአንድ ሌሊት እንደዚያ ለማለት ሞከርኩ።

ሰኞ ዕለት ሃያ ሦስት የሚለውን ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ምክንያቱን ፈለግሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠመንጃውን ነው። ሞላውን አውጥቼ አየሁት፤ ደህና ነው። መነጽሩን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ያልፈተሽኩት የቀረኝ ዓይኔ ነበር።

ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በዓይኔ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሯል አለችኝ። አያምም፣ ቀስ እያለ ከዳር ጀምሮ ይበላል፣ የበላውንም አይመልስም። ግራው በጠብታ ይቆይልኛል። ቀኙ፣ የማነጣጥርበት፣ አብዛኛው ሄዷል። «ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ጨዋ ልጅ ናት።

ከሁለት ዓመት በፊት ለምን አልሄድኩም? ካርዴ ደህና ነሽ ስላለኝ ነው። እናንተ እኮ ታውቁኛላችሁ። ውጤቴ በሁለት ነጥብ ሲወርድ ጠመንጃዬን ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ። ያኔ መውረድ ሲጀምር እውነቱን፣ ሃያ ስድስት ብላችሁ ብትጽፉልኝ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪሟ ፊት እቀመጥ ነበር። ዓይኔ እየጠፋ መሆኑ በደብተር ተጽፎ በኖሪስ ኪስ ውስጥ ነበር። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እጅሽ ደክሟል ያላችሁትን፣ ለእኔው ለምን አልነገራችሁኝም? ፈራችሁኝ? ወይስ አዘናችሁልኝ? የትኛው እንደሚያምመኝ እስካሁን አልለየሁም። የሳትኩት ጥይት የእኔ ነበር። መሳቴን መስማት ነበረብኝ።

ይቅርታ የጠየቃችሁበትን፣ ሁላችሁም የፈረማችሁበትን ደብዳቤ አንብቤአለሁ። ሁለት የፊደል ስህተት አለበት። መልስ ገና የለኝም፤ የሌለኝን አለኝ አልልም።

ዴዝመንድ፣ ና ወዲህ። አይ፣ ቀልዱን ተወውና ና። ዋንጫህ ይኸውልህ። የሁለቱንም ዓመት ስሜን አስፍቄ ያንተን አስቀርጫለሁ። ከፈለግህ አውቶቡስህ ላይ ስቀለው።

በእኔ ቦታ ኖሪስን ዋና ዳኛ አድርጋችሁ እንደመረጣችሁ ሰምቻለሁ። አልቃወምም። ሁለት ካርድ የጻፈ ሰው የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ያውቃል። ፊሽካው ይኸው። አይጧን በሩ አጠገብ ስቀሏት። በየጸደዩ ሁሉንም ቅቡ፤ እሷን ግን እንዳትነኳት።

እንግዲህ እንሰነባበት። ዓይናችሁን ያቆይላችሁ። እጃችሁ ይርጋ። ነፋሱ ስትተኩሱ ጋብ ይበልላችሁ። ባለ ሞላ ይዛችሁ የቀራችሁት አምስታችሁ አትሰልቹ። በሳታችሁም ቀን «ሳትክ» የሚላችሁ ሰው አይጥፋ። ይህን ስመኝላችሁ ከልቤ ነው፤ ተቀይሜም ቢሆን ከልቤ ነው።

የእሑዱ ውጤቴ ሃያ ሦስት ነው። መዝገቡ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍልኝ።

ኖሪስ፣ ካፖርቴን አምጣልኝ። ሐኪሟ መኪና እንዳልነዳ ከልክላኛለች፤ አንተ ታደርሰኛለህ። እስከ ለድሎ ድረስ ግን አላናግርህም።