የኅሩይ የሽቦ መኪና

ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሽቦ ሠራተኛው ሬድዋን በሱቁ ደጃፍ የምድጃ ፍርግርግ ይጠመዝዛል፣ አብሮ አደጉ አርጋው አሮጌ የሽቦ መኪና ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ሬድዋን፦ አቦ ነገርኩህ እኮ! እኔ ነኝ የሠራሁት። በምን ቋንቋ ልንገርህ?

አርጋው፦ በፈለግከው ቋንቋ ንገረኝ፣ አላምንህም። ይሄ የወንድሜ መኪና ነው። የኅሩይ ነው።

ሬድዋን፦ ባለፈው ወር እዚችው ቁጭ ብዬ ነው የጠመዘዝኩት። በጨው ውሃ ነከርኩት፣ አመድ ውስጥ ቀበርኩት፣ ሳምንት ሳይሞላው ሽማግሌ ሆነ። እንዳንተ ያለ የልጅነት አሳዳጅ ሲመጣ አሮጌ ነው ብለን እንሰጠዋለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አርጋው፦ አሁን እኔን ልታስተምረኝ ነው? ቤቴ ከሦስት መቶ በላይ መጫወቻ አለ። አሥራ ሰባቱ ያንተ የጨው ሽማግሌዎች ናቸው።

ሬድዋን፦ ታውቅ ነበር?

አርጋው፦ የጨው ዝገት በጥፍር ስትነካው ይላጣል። የዕድሜ ዝገት አይላጥም። የጓደኛ እንጀራ አልዘጋም ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።

ሬድዋን፦ ታዲያ ይሄም አሥራ ስምንተኛው ነዋ። እንደለመድከው ዝም በልና ውሰደው።

አርጋው፦ ሬድዋን፣ እኔ የመጣሁት ልጣላህ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ የት ተገኘ? ማን አወጣው? አሸዋ ቆፋሪዎቹ ከሆኑ የት ጋ እንደቆፈሩ ያሳዩኝ። መኪናው ያለበት ቦታ ኅሩይም ይኖራል። አጥንቱን ለቅሜ ከእናቴ ጎን ላሳርፈው። ቦታውን ካስተረፍኩለት ዓመት ሆነው።

ሬድዋን፦ የደቻቱን ወንዝ ሙሉ ልትቆፍር ነው?

አርጋው፦ እቆፍራለሁ። ከነገ ወዲያ የሚቆፍሩ ሰዎች አነጋግሬያለሁ።

ሬድዋን፦ ያ ረቢ! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ከማን ነው መኪናውን የገዛኸው?

አርጋው፦ ከአሮጌ ዕቃ ሻጯ ከሞሚና። ቅዳሜ ልባሽ ተራ። ከየት አገኘሽው ስላት መሬት መሬት አየች። ስጨቀጭቃት፣ “ሬድዋን ነው ያመጣው፤ ከአርጋው በቀር ለማንም እንዳትሰጪ፣ ስሜንም እንዳታነሺ ብሎኛል” አለችኝ።

ሬድዋን፦ የሞሚና አፍ ወንፊት ነው። ዱቄቱንም እብቁንም ያወርዳል።

አርጋው፦ ራስህ የሠራኸውን ዕቃ እስከ ዛሬ በድብቅ ሸጠህ ታውቃለህ? አንተ እንኳን ዕቃህን ጥላህንም እያስተዋወቅክ የምትሄድ ሰው!

ሬድዋን፦ ሥራ ላይ ነኝ አርጋው። ይሄ ፍርግርግ ለነገ ይፈለጋል።

አርጋው፦ ይቺን ማሰሪያ ብቻ እያት። ከኋላ ጎማው በላይ፣ እዚች ጋ። ጥምዟ ወዴት ነው የሄደው?

ሬድዋን፦ ወደ ግራ።

አርጋው፦ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ቀኝ ነበር የሚጠመዝዘው። አንተም፣ እኔም። ወደ ግራ የሚጠመዝዝ አንድ ግራኝ ብቻ ነበረን።

ሬድዋን፦ አስመሰልኩታ። ግራ እጅ የለኝም?

አርጋው፦ ጥሩ። ይኸው ሽቦ፣ ይኸው ፒንሳህ። በግራ እጅህ አንዲት ማሰሪያ እሰርልኝ። ይቺን ከመሰለች ቆፋሪዎቹን እመልሳለሁ፣ ሁለተኛ ስሙን አላነሳብህም።

ሬድዋን፦ ሰዉ ያየናል፣ ሁለት ሽማግሌ መኪና ስንሠራ።

አርጋው፦ ድሬ በዚህ ሰዓት ማን ማንን ያያል? ሁሉም ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ነው። እሰር።

ሬድዋን፦ አምጣው እሺ። ገገማ! ... ይኸውልህ።

አርጋው፦ ይሄ ማሰሪያ ነው? የዶሮ ጫጩት የጫረው ነው የሚመስለው። ደግሞ ፒንሳው ሁለት ጊዜ ለምን ወደቀብህ?

ሬድዋን፦ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ይውደቅ እንጂ።

አርጋው፦ አሁን ፍርግርጉን ስትጠመዝዝ እኮ አንዴም አልወደቀብህም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በል ማልልኝ፤ ወላሂ እኔ ነኝ የሠራሁት በል።

ሬድዋን፦ በልጅ መጫወቻ ወላሂ አይባልም።

አርጋው፦ ለእያንዳንዱ ምድጃ ወላሂ ስትል የኖርክ ሰው!

ሬድዋን፦ አልምልም።

አርጋው፦ አልሠራኸውማ! ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። አልሠራኸውም።

ሬድዋን፦ አርጋው፣ ስማኝ ወንድሜ። የኅሩይ ነው እንበል። ምን ያደርግልሃል? ቤትህ ሞልቷል፤ ብይ፣ የካልሲ ኳስ፣ የሰርዲን ጣሳ መኪና፣ በክር የሚያፏጭ ቆርኪ። ሚስትህ “ሳሎኔን መዋለ ሕፃናት አደረገው” እያለች ለባለቤቴ ታለቅስላታለች። ይሄንንም መደርደሪያ ላይ ደርድረው፣ መቆፈሩን ተወው።

አርጋው፦ አንተም እንደ ሰዉ አብዷል ትላለህ?

ሬድዋን፦ አላልኩም። ባለፈው ያ ባቡር ነጂ የነበረው ሽማግሌ ቤትህ መጥቶ ቆርኪዋን ሲያፏጭ አልነበርኩም እንዴ? እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቀው። እኔም ደጅ ወጥቼ አልቅሻለሁ።

አርጋው፦ ያ ሁሉ ዕቃ ምክንያት ነው ሬድዋን። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ የምፈልገው ይሄን አንዱን ብቻ ነበር። በየቤቱ እየዞርኩ አንድ የሽቦ መኪና አይታችኋል ብል፣ ለምን ይሉኛል። ለምን ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? ያገኛችሁትን አሮጌ መጫወቻ ሁሉ አምጡ ስል ግን፣ እብድ ነው ይሉና ይተዉኛል።

ሬድዋን፦ ምን ነበር የምትመልሰው?

አርጋው፦ እኔ ነኝ የጣልኩት እላለሁ። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ እላለሁ።

ሬድዋን፦ አትበል እንዲህ።

አርጋው፦ እንዴት አልል? አንተም እኮ ነበርክ። ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋው ላይ እሽቅድድም ላይ ነበርን። ኅሩይ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ፣ ያዝልኝ ብሎ ሰጠኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ግመሎች ሲያልፉ አየሁና መኪናውን አሸዋው ላይ ትቼ ሮጥኩ። ከዚያ ሴቶቹ ከዳር ሆነው ጎርፍ! ጎርፍ! አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የዘነበው ተራራው ላይ ነው። ሁላችንም ዳር ወጣን። መኪናዬስ አለኝ። ታች ረሳሁት አልኩት። በቃ፤ ይቺን ቃል ነው ያልኩት። ተመልሶ ወረደ።

ሬድዋን፦ አውቃለሁ። ካንተ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት።

አርጋው፦ አስከሬኑም አልተገኘም። አባቴ እስኪሞት በዓይኑ አላየኝም። ያቆመችኝ እናቴ ናት። “ልጄ ደርሶበታል” ትል ነበር፤ “መኪናውን ታቅፎ ነው የሄደው። ባዶ እጁን አልሄደም።” እኔም ማታ ስተኛ እንደዚያ አድርጌ ነው የማየው፤ ታቅፎት። አምና ስትሞት እንኳ ምን አለችኝ መሰለህ? “እዚያ ስደርስ መኪናውን ይዞ ቆሞ አገኘዋለሁ።” በሱ ነው የኖርነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እናቴ ግን ስለ ኅሩይ ስታወራ ፈገግ ትል ነበር።

ሬድዋን፦ በአላህ አርጋው፣ እዚህ ላይ ይብቃን። ተነስ ወደ ቤትህ እንሂድ። እኔ አደርስሃለሁ።

አርጋው፦ አሁን ነው እንዴ የምሄደው? አሁን ወንዙ ሲመልስልኝ? ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይህ። ከዚህ በኋላ ሠራሁት ብትል ምላስህን ነው የምቆርጠው። የመኪናውን ወንበር ገልበጥ አድርገህ እየው።

ሬድዋን፦ አይቼዋለሁ።

አርጋው፦ አላየኸውም፤ እይ! ከጫማ ካርቶን ነው የቆረጣት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ “ሹፌር ኅሩይ፣ ረዳት አርጋው።” ረዳት አድርጎኝ ነበር እኮ! ሂሳብ ሰብሳቢም፣ ጎማ ቀያሪም እኔ ነበርኩ። ጽሑፉን እያት፣ የራሱ ነው፣ “ረ”ዋን ሲያጋድላት። ትናንት የጻፋት ነው የምትመስለው። ቀለሟ እንኳ አንዲት ፊደል ላይ አልፈሰ... ካርቶን ነው።

ሬድዋን፦ አዎ።

አርጋው፦ ሬድዋን፣ ካርቶን ጎርፍ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?

ሬድዋን፦ አንድም ቀን አይቆይም።

አርጋው፦ ይሄ መኪና ውሃ አልነካውም።

ሬድዋን፦ አልነካውም።

አርጋው፦ አርባ ሁለት ዓመት የት ነበር?

ሬድዋን፦ እኔ ጋ። ሳጥኔ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር። ስጋባም፣ ቤት ስቀይርም ይዤው ነው የዞርኩት።

አርጋው፦ የዚያን ቀንስ? ጎርፉ ሲመጣ?

ሬድዋን፦ ሸሚዜ ውስጥ።

አርጋው፦ ምን?

ሬድዋን፦ ሕጋችንን አስታውስ። አሸዋ ላይ ብቻውን የተገኘ መኪና ይታሰራል። ያሰረው እስኪመሽ አይናገርም፣ ባለቤቱ በሦስት ብይ ያስፈታል። ስንቴ ተሳስረናል? አንተ ግመል ልታይ ስትሮጥ አሰርኩት። ኅሩይ አሸንፎኝ ስለነበር እልህ ይዞኛል። ከዚያ ሴቶቹ ጮሁ፣ ሸሚዜ ውስጥ ወሽቄው ወጣሁ።

አርጋው፦ ሲወርድ አየኸው?

ሬድዋን፦ አየሁት።

አርጋው፦ አልነገርከውም?

ሬድዋን፦ ሳቅኩ። ጎርፉ እኮ ገና አይታይም ነበር፤ ድምፁ ብቻ ነው። ትንሽ ይፈልግ፣ ይናደድ ብዬ ሳቅኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ፣ የወሰደው እሱን ነው። በወንዙ መታጠፊያ ውሃው ሲመጣ ሳይ፣ እኔ ጋ ነው! እኔ ጋ ነው! ብዬ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ። ሁሉም ይጮህ ነበር፤ እሱም አንተም አልሰማችሁኝም።

አርጋው፦ ምን ያደርግ ነበር?

ሬድዋን፦ ምን ጥያቄ ነው?

አርጋው፦ ውሃው ሲደርስበት ኅሩይ ምን ያደርግ ነበር?

ሬድዋን፦ ይቅርብህ።

አርጋው፦ ንገረኝ!

ሬድዋን፦ ይፈልግ ነበር። ተንበርክኮ አሸዋውን በሁለት እጁ ይጭር ነበር። የተቀበረ መስሎት።

አርጋው፦ አላገኘውም።

ሬድዋን፦ ከየት ያግኘው?

አርጋው፦ እየፈለገ ... ባዶ እጁን።

ሬድዋን፦ አርጋው፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልልህ ነው እኮ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በየቅዳሜው ልባሽ ተራ ተንበርክከህ ጆንያ ስትፈትሽ አይሃለሁ፤ ልክ እንደሱ ነው የምትፈልገው። አልቻልኩም። በሞሚና እጅ ያግኘውና ይረፍ አልኩ። ቆፋሪ ትጠራለህ ብዬ መች አሰብኩ? ስትመጣብኝ የሐሰተኛ ዕቃ ሠሪ ስም ቀለለኝ። ወንዙን በከንቱ ከምትቆፍር፣ አጭበርባሪ ብትለኝ ይሻላል ብዬ ነው።

አርጋው፦ እናቴ ሄዳለች። አሁን እዚያ ቆሞ ምን ይዞ አገኘችው?

ሬድዋን፦ ስደበኝ። በዚህ ፒንሳ ግንባሬን በለኝ።

አርጋው፦ መኪናውን ያዘው። እዚህ ይቀመጥ፣ ከፍርግርጎችህ ጋር።

ሬድዋን፦ አትወስደውም?

አርጋው፦ ነገ መጥቼ ይሄን ማን ሠራው እልሃለሁ። እኔ ነኝ፣ ባለፈው ወር፣ በጨው ውሃ ነክሬ በለኝ። የኅሩይ መኪና ከኅሩይ ጋር ነው በለኝ።

ሬድዋን፦ አላመንከኝም እኮ።

አርጋው፦ ነገ አምንሃለሁ።