ለሽምግልና የታጨደው ሳር

አካም ቡልቴ አሻግሬ? ደህና አደርክ? ልጅህ ሃናስ ደህና አደረች? … ተመስገን። ጥጃህ እንዴት አድጋለች! የኔዋ ከስታብኛለች… ውሃ ትመርጣለች። ወንዝ ዳር ወስጄያት አሽትታ ትመለሳለች። ከብት ምን ያውቃል!

ተቀመጥ ወንድሜ፣ አትነሳልኝ። ሳቅ ሳቅ ሲለኝ ነው ያደርኩት። ትናንት ሃናን ለትዳር ልንጠይቅህ ስንመጣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ የሚወስዱኝም ለዝምታዬ ነው። ግን እሁድ መልስ ልትሰጥ አይደል? ከዚያ በፊት ላኪያችንን፣ ሃናን ላግባ ባዩን፣ ትንሽ ላመስግነው ብዬ ነው በጠዋቱ የመጣሁት። ጠላውን ጠጥቼ ዝም ብል ነውር ነዋ!

እንዴት ያለ ሰው ነው አትለኝም? ኧረ ንጹሕ ነው! የዲጋ መንገድ ላይ ያለውን የቡና ማጠቢያውን ገብተህ አይተሃል? እሸት ቡናው ሲፈለፈል የሚወጣው እጣቢ፣ ያ የሚከረፋው፣ መጀመሪያ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይዘቅጣል። ቀጥሎ በሁለተኛው ኖራ ይነሰነስበትና ኮምጣጣነቱ ይበርዳል። በሦስተኛው ያርፋል። ከዚያ በሳር መደብ ውስጥ ያልፋል፤ የተረፈውን ቆሻሻ የሳሩ ሥር ይጠጣዋል። ወንዝ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱ ራሱ ነው ለእንግዶች እንዲህ የሚያስረዳው። አቤት አንደበት! ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ እንኳ በቃሌ ያዝኩት።

ደግሞ ከሦስተኛው ጉድጓድ በብርጭቆ ይቀዳና ፊታቸው ላይ ጭልጥ! ደፋር ነው። … ምን ያስፈራዋል? ሰው የክት ልብሱን በአዘቦት ይለብሳል? የእሱ ጉድጓዶችም ክት ናቸው፤ እጣቢ ነክቷቸው አያውቅም። ያለባቸው የዝናብ ውሃ ነው። ኖራውም ጆንያው እንደተሰፋ ነው። ቆጣቢ! እጣቢውማ… በጓሮ ባለችው ቦይ ወርዶ ቀጥታ ወንዛችንን ይሳለማል። ምን አስቸኮለው ብትል፣ ቡና ነዋ… እንቅልፍ የለው!

ታዲያ ትናንት የሆነውን ልንገርህ። ሽማግሌ ባዶ እጁን ደጅ አይጠናም፣ እርጥብ ሳር ይይዛል አይደል? እኔና አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ ያደታ ሳር ፍለጋ ከማጠቢያው ግርጌ ወንዙ ዳር ወረድን። ብንል ብንል አንዲት ለምለም ጠፋች! ዳሩ ሁሉ እንደ ተላጠ ራስ ሆኗል። ላኪያችን ግን ይጨነቃል? «ሳር እኔ ጋ ሞልቷል!» አለና ከመደቡ ላይ፣ ያንን ቆሻሻ ጠጪ የተባለውን ሳር፣ አሳጭዶ አስያዘን። እንዴት ይለመልማል መሰለህ! … ይለምልም እንጂ፤ ምን ጠጥቶ ይደርቃል?

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛ ሰው እቴ! እዚሁ በሚያውቁት አገር ሳር ያዙልኝ አለ።

ያደታ ሳሩን ከፍ አድርጎ ሲመርቅ እኔን ሳቅ አፍኖ ሊገድለኝ ነበር። ሳል መስሎህ ውሃ አመጣህልኝ… እግዜር ይስጥህ፣ የጉድጓድህ ውሃ ጣፋጭ ነው። ያው ሳሩ፣ በርህ ላይ ትተንልህ የሄድነው። እየው እስቲ፣ ዛሬም አልጠወለገም።

አትስጥ አላልኩም! የላከኝን ሰው አላማም እኔ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ… ይኸው እኔን ከትናንት ጀምሮ እያሳቀኝ ነው። መቼም ያንተን ልጅ አይወስድም።

በል እጅህን ዘርጋ፣ ልመርቀው። እንዳሰበው ይሁንለት። ወንዙ ዳር፣ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ ቤት ይስጠው። ውሃ ከደጁ አይራቅ። ጤናውን ይጠብቅለት፣ ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝምለት… የለቀቀልንን ውሃ በዚያችው ብርጭቆው እየቀዳ፣ ጭልጥ እያደረገ፣ ጠብታ ሳያስቀር ጠጥቶ እስኪጨርሰው ድረስ።

አሜን በል እንጂ አሻግሬ!