ሳይነበብ ማኅተም ያረፈበት ውል

የመስኖ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወረቀት ማንበብ አይወዱም፤ ማኅተም መምታት ግን ነፍሳቸው ነው። በእሳቸው ማኅበር እንግዳ ፊት ውል እየገለጡ ማንበብ ነውር ነው፤ ሰውየውን ፊት ለፊት ሌባ እንደ ማለት ይቆጠራል። ስለዚህ ፓምፕ፣ ቦይና የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ሊሠራ ከመጣው ድርጅት ጋር የሚፈረመውን የሠላሳ ዓመት የሽርክና ውል፣ እንግዶቹ እንዳይጉላሉ ብለው፣ ገና ከትናንት ወዲያ በአርባ ሁለቱም ገጽ ላይ ማኅተም አሳርፈውበታል። አንዲት መስመር አላነበቡም። ማኅተሙ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አንድም ቦታ አልተንጋደደም።

በፊርማው ቀን ጠዋት ቅጂ ሊያስነሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲገቡ፣ ከፊታቸው ተሰልፋ የቆመችው የወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሽርክናዎች ሲበላሹ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ ታጠናለች። ሊቀ መንበሩ ሥራዋን ለሰው ሲያስረዱ «የሰው ውል ታነባለች» ይላሉ፤ የሰው ደብዳቤ ትከፍታለች በሚል ድምፅ።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ዕድገት ነው የጣለኝ። ዛሬ ከሰዓት እንፈርማለን» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ወረፋው ደርሷቸው ወረቀቱ ሲገባ ማሽኑ አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነከሰ። ኮፒ አንሺዋ የተጨማደደውን ወረቀት ጎትታ አወጣችና እንድታቃናው ለልጅቱ አቀበለቻት። ልጅቱም እያቃናች አነበበችው። የበሽታዋ ነገር፣ ወረቀት ካየች ታነባለች።

«ጋሼ፣ ይቺን አንብበዋታል?»

«ማኅተሙ አይታይሽም?»

«ማኅተሙማ ቁልጭ ብሏል። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጽሑፉ ነው።»

«የተማረ ሰው የጻፈውን እኔ ምን ላርምበት? ደሞ ጠበቃቸው እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! በሁለት እጁ ነው የጨበጠኝ።»

«በሁለት እጁ ጨብጦዎት በሦስተኛው ይቺን ጽፏል። ይስሙ፦ ‹ማኅበሩ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም በየዓመቱ የተመደበለትን ውኃ ሙሉ በሙሉ ወስዶ በማሳው ላይ ያውላል፤ ዋጋውንም ይከፍላል። ወንዙ ቢጎድል ወይም ፓምፑ ቢቆም ጉዳቱ የማኅበሩ ይሆናል።›»

ኮፒ አንሺዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። ሊቀ መንበሩ ግን ጦፉ።

«ታዲያ ውኃ ውሰዱ ተባልን እንጂ ውኃ ተከለከላችሁ ተባልን? እናንተ የተማራችሁት መልካም ነገር ሲመጣ አፍንጫችሁን ትነፋላችሁ! እኛ እንቢ ስንል ከወንዙ ማዶ ያሉት ላፍ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ጥናትሽን ይዘሽ ነይና ቲማቲም እናሰጣበታለን!»

«ካላነበቡት ለእሱም ይሆናል» አለች ሳትበገር። «ጋሼ፣ እኔ ፓምፑንም ፋብሪካውንም አልጠላም። ገዢ ያጣ ቲማቲም ገደል ሲደፋ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን አሥራ አንድ እንዲህ ያሉ ውሎች መርምሬያለሁ፤ በዘጠኙ ጉዳቱ የተጫነው ሳያነብ በፈረመው ላይ ነው። ሽርክና ማለት ትርፉንም ጉዳቱንም መካፈል ነው። ይሄኛው ግን ዝናቡን ለእነሱ፣ ድርቁን ለእኛ ነው ያካፈለው።»

«ይሁን! እስቲ ውኃ በዛብኝ ብሎ ያለቀሰ አንድ ገበሬ አሳዪኝ!»

«አባቴ» አለች ልጅቱ፣ ቀስ ብላ።

ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ። ታላቅ ወንድማቸውን «አጠጣ እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ?» ያሉት ራሳቸው ነበሩ። ሰውየውም ሦስት ዓመት ሳይሰስት አጠጣ። መውጫ ያጣው ውኃ ከሥር ያለውን ጨው ይዞ ወደ ላይ መጣና ማሳው ነጭ ቅርፊት ለበሰ። ዛሬ ወንድማቸው የሰው መጋዘን ይጠብቃል። ነገሩ በቤተሰቡ «የዕድል ጉዳይ ነው» ተብሎ ታልፏል። ዕድል ምስኪን ናት፤ ተነስታ አትከራከርም።

«አባቴ በፈቃዱ ያደረገውን፣ ይሄ አንቀጽ መቶ ሠላሳ አባወራ በግዴታ ያስደርጋል» አለች።

«ማኅተም ተመትቶበታል እኮ…»

«ከእጅዎ ወጥቷል?»

«አልወጣም። ግን ሳላነብ መምታቴን አባላቱ ሲሰሙ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ሃያ ዓመት ያመኑኝ ሰዎች ናቸው!»

«እሱን አላውቅም ጋሼ። እኔ የማውቀው ማሳውን ነው።»

ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። የድርጅቱ መሐንዲስና ጠበቃው ከፊት ተቀምጠዋል፤ የጠበቃው እስክሪብቶ ከወዲሁ ተከፍቷል። ሊቀ መንበሩ ተነሡ። ማኅተም ያረፈበትን ውል ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ወገኖቼ፣ ይህን ውል ሳላነብ ነው ማኅተም የመታሁበት። ብትስቁብኝ ይገባኛል። ብቻ ቁጭ ብላችሁ ሳቁ፤ ልናነበው ነው።»

ማንም አልሳቀም። አርባ ሁለቱ ገጾች ለአርባ ሁለት አባላት ታደሉ፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ።

«አባቴ፣ እኛ የምንሠራው በመተማመን ነው» አለ ጠበቃው ሰዓቱን እያየ።

«ካመንከኝ ሳነብ ምን አስፈራህ?»

አሥራ ዘጠነኛው ገጽ የደረሳት አንዲት ባልቴት፣ መነጽሯን አስተካክላ አንድ ጊዜ አነበበች። ከዚያም ያነበበችውን ስላላመነች ደገመችው። አዳራሹ ተናጋ።

«ማዶ ያሉት እኮ ይህንኑ ውል ለመፈረም ተዘጋጅተዋል» አለ ጠበቃው።

«ይፈርሙ! ከመፈረማቸው በፊት ግን የወንድሜን ልጅ እልክላቸዋለሁ፤ ታነብላቸዋለች» አሉ ሊቀ መንበሩ። ቀጥለውም ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «አንተ ልጄ፣ መሬቱን ጨው ከበላው ፋብሪካህ ምን ይጨምቃል? ውኃውን ሰብሉ በሚፈልገው ልክ እንውሰድ። ከቦይህ በፊት ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ማፋሰሻ ይቆፈር። አፈሩ በየዓመቱ ይመርመር። ድርቅ ሲመጣ ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኛ እንሸከም። እንዲህ ከሆነ አንተ ሠላሳ ዓመት ቲማቲም ታገኛለህ፤ እኛም ልጆቻችን የሚያርሱት መሬት እናወርሳለን። በአንተ ወረቀት ግን ሁላችንም በአራተኛው ዓመት መጋዘን ጠባቂዎች ነን፤ ያውም የሚጠበቅ ነገር በሌለበት።»

መሐንዲሱ ጥቂት አሰበ። ከዚያ እርሳሱን አወጣና የራሱ ቅጂ ላይ የአሥራ ዘጠነኛውን ገጽ አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። ጠበቃው ፊቱ ደም መስሎ ቦርሳውን አንሥቶ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ» አሉት ሊቀ መንበሩ፣ በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው። «ገና ሃያ ሦስት ገጽ ይቀረናል።»