ከደጅ የወረደው ቀይ ድስት

ዶኪያ እህቴ፣ ድርቆሽሽ ደረቀልሽ? ተመስገን ነው። ዘንድሮስ የፕለሙም ፍሬ በዝቶ ቅርንጫፉን ሊሰብር ነው... ነይ እስቲ፣ አጥሩ ጥግ ጥላ አለ፣ እዚህ ተቀመጪ። ምነው፣ ድምፄ በዛብሽ? ከአጥሩ ወዲያ ሰው ቢሰማንስ ምን ክፉ አወራን?

የአሜሪካዎቹ ልጆች ሄዱ አይደል? አንጀት ይበላሉ! የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ናቸው፤ ድሃ እንርዳ ብለው ስንት ባሕር ተሻግረው መጡ። በእንግድነት ያሳደሯቸው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ደግ እናት መቼም ትሑት ናቸውና፣ ድሃ ፍለጋ አላንከራተቷቸውም፤ ከራሳቸው ጎተራ አስጀመሯቸው። ቀለም አስቀቧቸው፣ የክረምቱን እንጨት አስፈለጧቸው... ለልጆቹ ጽድቅ ብለው እኮ ነው።

እኔንስ መች ረሱኝ? ገበያ ወርጄ ሳለሁ "ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ናት፣ ግቢዋን አጽዱላት" ብለው ላኩልኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለካ እጁ ቶሎ ስለሚደርስ ነው... ስመለስ ሣሩ ታጭዷል፤ ደጄ ዛፍ ላይ የሰቀልኳቸው ድስቶች ሁሉ ወርደው፣ ታጥበው፣ ኩሽና ተደርድረዋል። ቀዩም ጭምር!

ልጆቹ ምን ያውቃሉ? በአገራቸው ድስት ምድጃ ላይ እንጂ ዛፍ ላይ አይወጣ። በእኛ መንደር ቀይ ድስት ከተሰቀለ "የምትዳር ልጅ አለች"፣ ከወረደ ደግሞ "ታጭታለች፣ እለፉ" ማለት እንደሆነ ማን ይንገራቸው? ደጊቱ እናትማ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የተዳሩ ናቸው... ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ያስረሳል። የራሳቸውን ልጅ ቀይ ድስት ግን አልረሱትም፤ ተወልውሎ ከሩቅ ያበራ ነበር።

በማግስቱ እነጋቭሪላ ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ከማዶ መጡ። ልጁ በፋሲካ ከማን ጋር ሲጨፍር እንደዋለ አንቺም አይተሻል። ደጄ ደረሱ፣ ባዶውን ዛፍ አዩ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝና... አለፉ። ምን ላድርግ? "ልጄ አልታጨችም፣ ተመለሱ" እያልኩ በመንደሩ ልሩጥ? ቪዮሪካዬ አዲስ ሸሚዟን ለብሳ መስኮት ላይ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። አንጀቴ እርር ነው ያለው፣ ዶኪያ!

ቀጥሎ ያለው የእሳቸው ደጅ ግን አረቄው ተቀድቶ ይጠብቅ ነበር አሉ... ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ? የእነዚህ ልጆች ቡኮስ ይኸው ለሠርግ በቃ!

ቂም የለኝም፣ ኧረ እኔ! የሠርጉን ዳቦ የምትጋግሪው አንቺ ነሽ አሉ፤ እንግዲያው ምርቃቴን አድርሺልኝ። ሙሽሪትን እግዜር ይባርካት፣ ትዳሯን ያሙቅላት። ቆንጆ ሴት ልጅም ይስጣት። ያቺ ልጅ ለወግ ለማዕረግ ስትደርስ ደግሞ፣ ልክ እንደ አያቷ ያለች ደግ ጎረቤት አጥር ለአጥር ያኑርላት... አሜን በይ እንጂ!