የሐጂ ሆድ

በደርግ ጊዜ፣ በረመዳን እኩለ ቀን፣ ሮቤ ላይ ለስብሰባ ጠሩን። ካድሬው ሻይ አስቀዳና «ጾም ኋላ ቀርነት ነው! ባዶ ብርጭቆ ያላሳየኝ ይታሰራል!» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ሐጂ አደም ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እኔ ክርስቲያኑ፣ ካድሬው ዞር ባለ ቁጥር የሳቸውንም የረድፉንም ጨለጥኩት፤ ዐሥራ ሰባት ብርጭቆ! ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ የታሰረ ግን የለም።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ያው ካድሬ ለኛ ለክርስቲያኖቹ ወተት አስቀዳ። ካድሬው ዞር ሲል ሐጂ ብርጭቆዬን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና «ቢስሚላሂ» ብለው ጭልጥ አደረጉት።

«ሐጂ፣ ወተት ሆድዎን ያምዎት የለም እንዴ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ ቀልማዳ! ዐሥራ ሰባት ሻይ አላመመህም?»

ይኸው ለፋሲካ ጾሜን በፈታሁ ቁጥር፣ ለሐጂ ያን ሆድ የሰጠ አምላክ ተመስገን እላለሁ።