ጥላውን የያዘው ሰሌዳ

(መንኮራኩር በሚገጣጠምበት አዳራሽ፤ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትሩን የነደፈችው ኢንጂነር ትርሲትና የገጣጣሚዎቹ አለቃ ጋሽ ላቀው፣ አንድ አስትሮይድ፣ ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ፣ እንድታጠና ልትላክ ከተዘጋጀችው መንኮራኩር አጠገብ ቆመዋል።)

ትርሲት፦ መሣሪያዬን ማን ነቀለው ነው የምልዎት፣ ጋሼ።

ላቀው፦ አልተነቀለም፤ ተዛወረ። በጉዞዋ ፀሐይ ወደሚመታት ጎን። ሰው ቤት ሲከራይ ፀሐይ የሚገባበትን አይደል የሚመርጠው?

ትርሲት፦ ተከራይ አይደለም እኮ፤ ስፔክትሮሜትር ነው። ከድንጋዩ የሚወጣውን ሙቀት እንደ ቀስተ ደመና ዘርዝሮ፣ ይሄ ሸክላ ነው፣ ይሄን ውሃ ነክቶታል ብሎ የሚለይ። ራሱ ከሞቀ የሚያየው የራሱን ሙቀት ነው።

ላቀው፦ ትንሽ ቢሞቅስ?

ትርሲት፦ ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባርዎን ዳብሶ "ደህና ነዎት" ቢልዎት ያምኑታል?

ላቀው፦ ሙቀት ለእኔ አታውሪልኝ። ድሬዳዋ ሳለሁ አንድ ቀን ፀሐዩ ጥላዬን አቀለጠው። አስፋልቱ ላይ ዝርግፍ። በባልዲ አፍሼ ነው ቤቴ የገባሁት። ዓይኔ ግን ይኸው፣ እስከ ዛሬ ጋዜጣ ያለ መነጽር አነባለሁ።

ትርሲት፦ ባልዲው ካለ ያውሱኝ። ጥላ ነው የቸገረኝ።

ላቀው፦ ማራገቢያ ግጠሚለታ።

ትርሲት፦ አየር በሌለበት ምኑን ሊያራግብ?

ላቀው፦ አንቺ ደግሞ ለሁሉም መልስ አለሽ።

ትርሲት፦ የልጄ ልደት ያለፈኝ እኮ በረዶ ክፍል ውስጥ ካፖርት ለብሼ ይህን ነገር ስፈትን ነው። ዛሬ ስመጣ በእሱ ቦታ ምን ተተክሏል? ሰሌዳ።

ላቀው፦ ቀስ በይ። የክቡርነታቸው ስም ያለበት ሰሌዳ ነው።

ትርሲት፦ አንብቤዋለሁ። "ይህች መንኮራኩር በክቡር ዋና ኃላፊው መልካም ፈቃድ ተገንብታ ተመረቀች።" መጋረጃም ተሰፍቶለታል፣ እንደሚመረቅ ጤና ጣቢያ።

ላቀው፦ መጋረጃው ነገ ሲመረቅ ተገልጦ እዚሁ ይቀራል። ጠፈር አይሄድም፣ አትስጊ።

ትርሲት፦ ሰሌዳው ለምን ፀሐይ በኩል አይሆንም?

ላቀው፦ ወርቃማ ቀለሙን ፀሐይ ያነጣዋል። ስማቸው ቢደበዝዝ ማን ይጠየቃል? እኔ።

ትርሲት፦ ማን ሊያነበው? አስትሮይዱ ፊደል ቆጥሯል?

ላቀው፦ መንገድ ላይ ማን እንደሚያጋጥም አይታወቅም።

ትርሲት፦ እሺ፣ ይነስ። መዳፍ አክሎ ጥግ ላይ ይለጠፍ።

ላቀው፦ ማዕረጋቸው ብቻውን መዳፍሽን አልፎ ክርንሽ ይደርሳል።

ትርሲት፦ እንግዲያው ውስጥ ይግባ።

ላቀው፦ የሰው ስም እንደ ስንቅ ሆድ ውስጥ ይሸጎጣል?

ትርሲት፦ በቃ፣ ነቅዬ ቤቴ እወስደዋለሁ። የታወረ መሣሪያ አልልክም።

ላቀው፦ ውሰጂዋ። መንኮራኩሯም ትቀልላለች። ሰሌዳዋን ይዛ በሰላም ትሄዳለች።

ትርሲት፦ ሄዳስ? ድንጋዩ ጋ ደርሳ ምን ልትሠራ?

ላቀው፦ ደረሰች ይባላል። ዜና አይደለም እንዴ?

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ያ ድንጋይ ይቺ የቆምንባት መሬት ሳትኖር የነበረ ነው። የምንጠጣው ውሃ ከየት እንደመጣ ፍንጭ ቢሰጠን ብዬ ነው የምሟገትዎ። ይቺ ካመለጠችኝ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሌላ መንኮራኩር በእኔ ዕድሜ አይኖርም።

ላቀው፦ ይገባኛል ልጄ። ልብ ይነካል። ግን ድንጋዩ ስልክ አይደውልልኝም። ክቡርነታቸው ይደውላሉ።

ትርሲት፦ ተዉት እንግዲህ። ከእርስዎ ጋር ማውራት ደከመኝ። ነገ እንግዶቹ በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?

ላቀው፦ በበሩ በኩል ነዋ። ቴሌቪዥኖቹም ካሜራቸውን የሚተክሉት እዚያው ነው።

ትርሲት፦ ሰሌዳው ወዴት ዞሯል?

ላቀው፦ ወደ ግድግዳው።

ትርሲት፦ ስለዚህ ክቡርነታቸው መጋረጃውን ሊገልጡ ከመንኮራኩሯ ጀርባ ይሰወራሉ። አገሩ በሙሉ የሚያየው የእኔን መሣሪያ ነው። ጭብጨባ ሲሰማ ገለጡት ማለት ነው ብሎ ይገምታል።

ላቀው፦ እናዙራታ።

ትርሲት፦ ከማቆሚያዋ ጋር በብሎን ተቆልፋለች። እስክትጫን ድረስ ማንም እንዳይነቀንቃት ያሉት እርስዎ ነዎት።

ላቀው፦ ቀለሙስ?

ትርሲት፦ ቀለሙ የሚነጣው ጠፈር ላይ ነው። ለነገ ይደርሳል።

ላቀው፦ በይ መፍቻውን አቀብይኝ፤ መሣሪያሽን ወደ ቦታው መልሰን ሰሌዳውን ወደ በሩ እናምጣው። ለመሆኑ ይህን ከጠዋቱ አትነግሪኝም? ድንጋይ፣ ድንጋይ ስትይ አዋልሽኝ።